የመተንፈሻ አካላት ቫይረሶችን በትንፋሽ መመርመር፦ ለሐይቅና ለአምባሰል አካባቢ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ጉንፋንን፣ ኢንፍሉዌንዛንና ኮቪድ-19ን የመሰሉ ሕመሞች የሚያስከትሉ ቫይረሶችን ከሰው ትንፋሽ ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ለመለየት የታሰቡ መሣሪያዎች በተለያዩ ሀገራት ተሠርተው ተሞክረዋል። ይህ ዓይነቱ ምርመራ በአፍንጫ ወይም በጉሮሮ በኩል ናሙና መውሰድን የሚያስቀር በመሆኑ ለሕፃናትም ሆነ ለአረጋውያን የማያስቸግር፣ ውጤቱም ፈጥኖ የሚታወቅ ነው ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል።

ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች በሀገራችን የጤና ተቋማት መደበኛ አገልግሎት ውስጥ አልገቡም። በመሆኑም በደቡብ ወሎ ዞን በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የተሁለደሬ ወረዳ ቀበሌዎች እንዲሁም በአምባሰል ወረዳ የሚኖሩ ተገልጋዮች ሳል፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲያጋጥማቸው የትኛው አገልግሎት የት እንደሚገኝና ወደ ጤና ተቋም መቼ መሄድ እንደሚገባ ማወቅ ይኖርባቸዋል። ይህ ማብራሪያ የትንፋሽ ምርመራን ምንነት፣ የታየበትን ውስንነት እና ዛሬ በአካባቢው ሊገኝ የሚችለውን አገልግሎት በቅደም ተከተል ያቀርባል።

1. የትንፋሽ ምርመራ ምንድን ነው?

ሰው የሚያስወጣው ትንፋሽ በአብዛኛው ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ እጅግ አነስተኛ መጠን ያላቸው በርካታ ተናኝ ኬሚካሎች ይገኙበታል። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት የጥናት ውጤት በሰው ትንፋሽ ውስጥ 250 ያህል ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን አሳይተዋል። ሰውነት በበሽታ ሲጠቃና ሕዋሳት መቆጣት ሲጀምሩ የእነዚህ ኬሚካሎች መጠንና ስብጥር ይለወጣል። የትንፋሽ ምርመራ አንደኛው ስልት ይህንን ለውጥ ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ስልት ከትንፋሽ ጋር የሚወጡትን ረቂቅ ጠብታዎች ሰብስቦ ቫይረሱን ራሱን ወይም የቫይረሱን አካል መፈለግ ነው። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ያስተዋወቁት መሣሪያ በዚህ ስልት የሚሠራ ሲሆን፣ ተመርማሪው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከተነፈሰበት በኋላ ውጤቱን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለመስጠት የታሰበ ነው።

ብዙ ሰዎች የትራፊክ ፖሊስ የሚጠቀምበትን የአልኮል መለኪያ ስለሚያውቁ የቫይረስ ምርመራውም እንደዚያው ቀላል ይመስላቸዋል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የአልኮል መለኪያው የሚፈልገው አንድን የታወቀ ንጥረ ነገር ብቻ ነው። የቫይረስ ምርመራው በመጀመሪያው ስልት ሲሠራ ግን እጅግ አነስተኛ መጠን ያላቸውን በርካታ ንጥረ ነገሮች በአንድነት መዝኖ ከሕመሙ ጋር ያላቸውን ዝምድና መለየት ይጠበቅበታል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ከቫይረስ ውጪ ባሉ ምክንያቶችም ይለዋወጣሉ። የተበላው ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ ጠላና አረቄ እንዲሁም ጢስ በበዛበት ማድ ቤት ውስጥ መዋል በትንፋሽ ላይ ለውጥ ያመጣሉ። የስኳር ሕመምም የትንፋሽን ጠረን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። መሣሪያው በአንድ ሀገር ሕዝብ ላይ ጥሩ ውጤት ማሳየቱ ብቻ በሌላው አካባቢ አኗኗር ውስጥ በእኩል ደረጃ ይሠራል ለማለት የማያበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

2. በሌሎች ሀገራት የታየው ውጤት

በሲንጋፖር ብሬዞኒክስ የተባለው ኩባንያ የሠራው የኮቪድ-19 የትንፋሽ መመርመሪያ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከሀገሪቱ የጤና ሳይንስ ባለሥልጣን ጊዜያዊ ፈቃድ አግኝቷል። በአሜሪካ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢንስፔክትአይአር ለተባለው ኩባንያ መሣሪያ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰጥቷል። ይህ መሣሪያ ከኮቪድ-19 ጋር የተያያዙ አምስት ተናኝ ኬሚካሎችን የሚለይ ሲሆን፣ መጠኑ በእጅ ከሚያዝ የጉዞ ሻንጣ ጋር የሚመጣጠን፣ ውጤቱም ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚደርስ ነው። ከ2,409 ሰዎች በተወሰደ ናሙና ላይ በተደረገው ጥናት፣ ቫይረሱ ካለባቸው መካከል 91.2 በመቶውን፣ ከሌለባቸው መካከል ደግሞ 99.3 በመቶውን በትክክል ለይቷል። ሆኖም ፈቃዱ በመሣሪያው ቫይረሱ እንዳለበት የተነገረው ሰው ውጤቱን በሞለኪውላዊ ምርመራ እንዲያረጋግጥ የሚያሳስብ ነበር።

በኔዘርላንድስ የታየው ልምድ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። የአምስተርዳም ከተማ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ የትንፋሽ መመርመሪያ መጠቀም ጀምሮ፣ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች «ነፃ» ተብለው መሰናበታቸው በመታወቁ ሥራውን ለማቋረጥ ተገድዷል። የምርመራ ፍጥነት ትክክለኛነትን እንደማይተካ ይህ ልምድ ያስገነዝባል።

3. የምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ማንኛውም ፈጣን ምርመራ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። አንደኛው በሽታው ያለበትን ሰው «የለብህም» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሌለበትን «አለብህ» ማለት ነው።

ለግንዛቤ ያህል ከላይ የተጠቀሰውን የአሜሪካ መሣሪያ ልኬት በመያዝ የሚከተለውን ስሌት መመልከት ይቻላል። በአምባሰል ወረዳ በምትገኘው ግሸን ማርያም መስከረም 21 ቀን በየዓመቱ በሚከበረው የንግሥ በዓል ከየአቅጣጫው እጅግ ብዙ ምእመናን ይሰበሰባሉ። ከእነዚህ መካከል 1,000 ሰዎች ቢመረመሩና ቫይረሱ ያለባቸው 20ዎቹ ብቻ ቢሆኑ፣ መሣሪያው ከ20ዎቹ ውስጥ 18ቱን ያህል ሲለይ 2 ያህሉን ያልፋቸዋል። ቫይረሱ ከሌለባቸው 980 ሰዎች መካከል ደግሞ 7 ያህሉን በስሕተት «አለባችሁ» ይላቸዋል። በዚህም መሠረት «አለባችሁ» ከተባሉት 25 ሰዎች ውስጥ 7ቱ ያለ ምክንያት የሚጨነቁ፣ «የለባችሁም» ከተባሉት መካከል ደግሞ 2ቱ ሳያውቁ ሌሎችን ሊያስተላልፉባቸው የሚችሉ ይሆናሉ።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይገባል። አንደኛ፣ «ነፃ» የሚል ውጤት ያገኘ ሰው ሳልና ትኩሳት ካለበት ከሕፃናት፣ ከአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ራሱን ማራቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ምርመራው የሚናገረው ስለተፈለገው ቫይረስ ብቻ በመሆኑ፣ ሕመምተኛው የሳንባ ምች ወይም የሳንባ ነቀርሳ የለበትም ማለት አይደለም።

4. በሀገራችን የሚሰጡ ምርመራዎች

ኮቪድ-19 ዓለምን ማዳረስ በጀመረበት ወቅት ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የመጀመሪያ ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ነበር። ከጥር ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ምርመራው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሰጠት ጀመረ። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ በኋላም ምርመራው ወደ ክልሎች የሰፋ ሲሆን፣ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ አገልግሎቱን ከሰጡት መካከል አንዱ ነበር። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በወረርሽኙ ወቅት የኮቪድ-19 ሕክምና ማዕከል ሆኖ አገልግሏል። ይህም ከሐይቅና ከውጫሌ የሚላክ ናሙና አዲስ አበባ ሳይደርስ በቅርብ እንዲመረመር አስችሏል።

በአሁኑ ጊዜ ለመተንፈሻ አካላት ሕመሞች የሚያገለግሉት ዋና ዋና የምርመራ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ፒሲአር፦ ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ ነው። ከሁሉም ይልቅ ትክክለኛ ቢሆንም ላቦራቶሪ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የናሙና ማጓጓዣ ይጠይቃል።

ለ) ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ፦ የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልግ ሲሆን ውጤቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮቪድ-19 የሚውል ፈጣን ምርመራ ቫይረሱ ካለባቸው ቢያንስ 80 በመቶውን፣ ከሌለባቸው ደግሞ ቢያንስ 97 በመቶውን በትክክል እንዲለይ መስፈርት አስቀምጧል።

ሐ) የአክታ ምርመራ፦ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ማንኛውም ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት። ምርመራውም ሆነ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

ሳል የያዘው ሰው ሁሉ የቫይረስ ምርመራ እንዲያደርግ አይጠበቅም። አብዛኛዎቹ የመተንፈሻ አካላት ቫይረሶች በዕረፍትና በእንክብካቤ የሚድን ሕመም ስለሚያስከትሉ የቫይረሱን ስም ማወቅ ብዙ ጊዜ ሕክምናውን አይለውጠውም። የቫይረስ ምርመራ የሚታዘዘው ሕመሙ ሲጠና፣ የወረርሽኝ ጥርጣሬ ሲኖር ወይም ለበሽታ ቅኝት ሥራ ሲያስፈልግ ነው።

5. በየቀበሌው የሚገኘው የትንፋሽ ምርመራ

በትንፋሽ ላይ የተመሠረተ፣ በአንድ ደቂቃ የሚጠናቀቅና የሕፃናትን ሕይወት ሲታደግ የቆየ ምርመራ በየጤና ኬላው ይገኛል። እርሱም የሕፃኑን አተነፋፈስ መቁጠር ነው። የሳንባ ምች ሳንባን ሲያጠቃ ሰውነት የኦክስጅን እጥረቱን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህንን ቆጥረው የሳንባ ምችን እንዲለዩ ሠልጥነዋል።

ሳል ያለበት ሕፃን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚተነፍሰው ቁጥር ከሚከተለው ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ፈጣን አተነፋፈስ ነው ይባላል።

• ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ፦ 60 ጊዜ
• ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር ከሆነ፦ 50 ጊዜ
• ዕድሜው ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆነ፦ 40 ጊዜ

ወላጆችም ቤት ውስጥ መቁጠር ይችላሉ። ሕፃኑ በማያለቅስበትና በማይጠባበት ሰዓት ልብሱን ገለጥ አድርጎ የደረቱን ወይም የሆዱን ከፍና ዝቅ ማለት መመልከት ያስፈልጋል። ደረቱ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። የእጅ ሰዓት ወይም የሞባይል ስልክ በመጠቀም ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር የግድ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ለምሳሌ የ8 ወር ሕፃን በደቂቃ 54 ጊዜ ቢተነፍስ ከወሰኑ በላይ ስለሆነ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። የ3 ዓመት ልጅ በደቂቃ 34 ጊዜ ቢተነፍስና ሌላ የአደጋ ምልክት ባይኖረው ግን በቤት ውስጥ እንክብካቤ እየተደረገለት በጥንቃቄ ሊከታተሉት ይቻላል።

በጤና ተቋማት ከቆጠራው ጋር በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ጥቅም ላይ ይውላል። ንባቡ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ሕመሙ ከባድ በመሆኑ ኦክስጅን ያስፈልጋል። የጥፍር ቀለም፣ ጥቁር ሂና ወይም የቀዘቀዘ ጣት ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ተገልጋዮች አስቀድመው ለባለሙያው ቢያስረዱ ይመረጣል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአካባቢው በተካሄደው ጦርነት በደቡብ ወሎ በርካታ የጤና ተቋማትና የምርመራ መሣሪያዎቻቸው ለጉዳትና ለዘረፋ ተዳርገው ነበር። መሣሪያ በሌለበት ወይም መብራት በተቋረጠበት ጊዜም ቢሆን በባለሙያውና በወላጅ እጅ የሚቀረው ምርመራ ይኸው ቆጠራ ነው።

6. ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

በሕፃናት ላይ፦
• መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አለመቻል
• የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ
• ማንቀጥቀጥ
• መፍዘዝ፣ አለመንቃት ወይም ራስን መሳት
• በሚተነፍስበት ጊዜ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መግባት
• ሳያለቅስ በተረጋጋበት ሰዓት ሲተነፍስ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ

በአዋቂዎች ላይ፦
• በዕረፍት ላይ እያሉ የትንፋሽ ማጠር
• የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም ጫና
• የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር
• ግራ መጋባት ወይም ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር
• ደም የቀላቀለ አክታ

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ የምርመራ ውጤት መጠበቅ፣ የገበያ ቀን እስኪደርስ መቆየት ወይም በቤት ውስጥ መድኃኒት መሞከር አይገባም። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ የስኳር፣ የልብ፣ የአስምና ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ምልክቱ ሳይጠናባቸው አስቀድመው እንዲታዩ ይመከራል።

7. በሐይቅና በአምባሰል አገልግሎት የማግኛ ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው መድረሻ የቀበሌው ጤና ኬላ ነው። በተለይ በአምባሰል ወረዳ ከመኪና መንገድ ርቀው በሚገኙ ገደላማ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቅርብ ናት። ባለሙያዋ ሕፃኑን መርምራ ቀላል የሆነውን ታክማለች፤ ከባድ ምልክት ካየች የመጀመሪያ ሕክምና ሰጥታ ወደሚቀጥለው ተቋም ትልካለች።

ቀጣዩ ጤና ጣቢያ ሲሆን የባለሙያ ምርመራ፣ የላቦራቶሪ አገልግሎትና መድኃኒት ይገኝበታል። ከአቅሙ በላይ የሆነ ሕመም ወደ ሆስፒታል ይላካል። በተሁለደሬ ወረዳ በሐይቅ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛል። ከዚያ በላይ የሆነ ሕክምና ከሐይቅ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው የደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሰጣል።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህንን ቅደም ተከተል መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ተሁለደሬ የጤና መድን አሠራሩ በ2003 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ናት። አባላት ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን መያዝ፣ ወደ ሆስፒታል ሲላኩ ደግሞ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት መቀበል አለባቸው። ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ አባል ከወጪው ከፊሉን ራሱ ለመሸፈን ሊገደድ ይችላል። ድንገተኛ ሕመም ግን ጊዜ የማይሰጥ በመሆኑ በቅርብ ወደሚገኘው ተቋም መሄድ ይቀድማል።

8. በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

የአደጋ ምልክት የሌለበት ሕመምተኛ ዕረፍት ማድረግ፣ ፈሳሽ በብዛት መውሰድና ንጹሕ አየር በሚገባበት ክፍል መቆየት ይገባዋል። የሚጠባ ሕፃን ጡት አዘውትሮ እንዲጠባ ይደረጋል። ሞቅ ያለ ሻይ ጉሮሮን ያለዝባል፤ ማርም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ማር ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን መሰጠት የለበትም።

የሚከተሉትን ድርጊቶች ማስወገድ ያስፈልጋል።

• ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ መውሰድ። አሞክሳሲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ቫይረስን አይገድሉም፤ ያለ አግባብ ሲወሰዱም ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋሉ።
• ሳል ለያዘው ሕፃን እንጥል ማስቆረጥ። ድርጊቱ ለደም መፍሰስና ለከባድ ቁስለት ይዳርጋል።
• ሕፃንን በፈላ ውኃ እንፋሎት ማጠን። ለቃጠሎ አደጋ ያጋልጣል።
• ሕፃን አዝሎ ጢስ በበዛበት ማድ ቤት መቆየት። ጢስ የሕፃናትን ሳንባ ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

የሳንባ ምችን ከሚከላከሉት ክትባቶች የኒሞኮካል እና የፔንታቫለንት ክትባቶች በ6ኛው፣ በ10ኛው እና በ14ኛው ሳምንት በነፃ ይሰጣሉ። ቀጠሮ ያለፈበት ሕፃን ካለ ወላጆች ሳይሸማቀቁ ወደ ጤና ኬላ ወስደው እንዲያስከትቡት ይመከራል።

በበዓል፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በተፈናቃዮች መጠለያ ሰዎች ተቀራርበው ስለሚገኙ ቫይረሶች በቀላሉ ይተላለፋሉ። የሚያስል ሰው አፉንና አፍንጫውን በክርን መሸፈን፣ ጭምብል መጠቀምና እጅን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል።

9. ፈቃድ የሌላቸውን የምርመራ መሣሪያዎች በተመለከተ

ማንኛውም የሕክምና መሣሪያ በሀገር ውስጥ ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሊመዘገብ ይገባል። በመሆኑም «በትንፋሽ ብቻ ማንኛውንም በሽታ እንለያለን» በሚል ክፍያ የሚጠይቁ ግለሰቦች ወይም ድርጅቶች ሲያጋጥሙ ተገልጋዮች መሣሪያው መመዝገቡን መጠየቅ፣ ጥርጣሬ ካላቸውም በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላሉ።

10. ለተጨማሪ መረጃ

ስለ ጤና አገልግሎት አሰጣጥ መረጃ ለማግኘት ወይም ቅሬታ ለማቅረብ በጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል። በአንድ ቤት፣ መንደር ወይም መጠለያ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በትኩሳትና በሳል ከታመሙ የወረርሽኝ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ ጤና ኬላ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።